ውዳሴ ለፈጣን ገልባጮች

ጎንደር ለገልባጭ እንግዳ አይደለችም። ገልባጭ ስል አሸዋ የሚያመላልሰውን መኪና ማለቴ አይደለም፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ ዳዊት ሲገለብጥ የሚከርመውን ቁም ጸሐፊ ነው። ምስኪኑ አንዲት መጽሐፍ ለማባዛት ወራት ይፈጅበታል። ጽፎ ሲያበቃ ደግሞ አያርፍም፤ ከዋናው ጋር መስመር በመስመር ያመሳክራል፣ የሳተውን ፍቆ ያርማል። ለምን እንዲህ ሲጎተት እንደኖረ ዛሬ ገብቶናል። ማፍጠኛ አልጫነም።

እኛ ግን ጭነናል። ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከማራኪ እስከ አራዳ፣ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ፋይል ከማዛወሩ በፊት ሥርዓቱን ያደርሳል፤ ከዊንዶውስ ጋር የመጣውን መገልበጫ በንቀት ያልፍና ከኢንተርኔት «ፋይል ቶሎ ይገለብጣል» የተባለለትን ፕሮግራም፣ ማፍጠኛ ያወርዳል። አንዱ ካላረካው ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ካላረካው ሦስተኛ። ይህን የመሰለ ትጋት ሲታይ ማመስገን እንጂ መተቸት ነውር ነው፤ እኔም ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

ምስጋናዬ የሚጀምረው አራዳ ካለው የፎቶ ቤት ልጅ ነው። ጊዜው ጥር ነው፤ ጥምቀት አልፎ ሠርግ በሠርግ ላይ የሚደራረብበት። የሙሽሪት እናት የሠርጉን ቪዲዮ ሊወስዱ ፍላሽ ይዘው መጥተዋል። ፍላሹ ከቁልፍ ጋር ለዓመታት ቦርሳ ውስጥ የተንከራተተ አዛውንት ነው። ቪዲዮው 30 ጊጋባይት ይሆናል፤ ፍላሹ በሰከንድ የሚጽፈው 8 ሜጋባይት ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ቢያካፍሉት አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ይመጣል። ጀግናችን ግን በማካፈል አያምንም።

«ጋሼ፣ ይህኛውን ማፍጠኛ አይተውት አያውቁም» አለኝ።

«ፍላሹ እንደሆነ ያው ነው እኮ» አልኩት።

«ፍላሹ ምን ያድርግ! ዊንዶውስ ነው የሚጎትተው።»

ከዚህ በላይ የጠራ እምነት ከየት ይገኛል? ውኃ በወረፋ በምትመጣበት ከተማ ያደገ ልጅ፣ አፉ የጠበበ ጀሪካን በፍጥነት እንደማይሞላ ከማንም በላይ ያውቃል። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን ጀሪካኑን ትቶ የሚቀዳውን ሰው ይቀያይራል። ቀጂው ቢለዋወጥ፣ አንዱ ቴራኮፒ ሌላው ፋስትኮፒ ቢባል፣ አፉ ያው አፍ ነው።

ስለ አፍ ካነሣን፣ የኮምፒውተሩ የጀርባ ቀዳዳዎች ሰማያዊ ናቸው። ዩኤስቢ 3.0 ይባላሉ፤ በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት እንዲያሳልፉ የተሠሩ። ከፊት ያሉት ጥቁሮቹ 2.0 ናቸው፤ ጣሪያቸው 480 ሜጋቢት ነው፤ ይህም ወደ ባይት ሲመነዘር (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነውና) 60 ሜጋባይት ቢሆን ነው፣ በተግባር ደግሞ ያንንም አይደርስም። ልጁ 3.0 የሆነውን የራሱን ሃርድ ዲስክ የሚሰካው ከፊት ነው። ወደ ኋላ ለመሰካት ማጎንበስ ያስፈልጋል፤ ሦስት ማፍጠኛ የጫነ ሰው ደግሞ አያጎነብስም።

የማወዳደር ችሎታውም አብሮ ይወደስ። አንድ ቀን እኔው ፊት ፈተና አካሄደ። ሁለት ጊጋባይት የሚሆን ፊልም ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ወደ ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ማፍጠኛ ገለበጠ፤ አዘገመ። ያንኑ ፊልም በሁለተኛው ገለበጠ፤ በረረ። «አዩ?» አለኝ። አየሁ። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ዙር ያነበበውን ፊልም በማስታወሻው ይዞት ስለነበር፣ ሁለተኛው ዙር አሮጌውን ዲስክ ደጁን እንኳ አላንኳኳም። ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው ያሸነፈው ይሸነፍ ነበር። እንዲህ ያለው ዳኝነት አንድ ባህርይ አለው፤ ሁልጊዜ ለኋላ መጪ ይፈርዳል።

ለእውነት ሲባል፣ ይህ እምነት ከባዶ አልተነሣም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ ፋይል ማዛወሩ በእርግጥ ያሳቅቅ ነበር፤ በ2008 የመጣው ማሻሻያ አስተካከለው። በሽታው ከዳነ ይኸው ስንት ዘመን፤ እኛ መድኃኒቱን አላቋረጥንም።

ትንንሽ ፋይል የበዛበት ፎልደር ሲመጣ ደግሞ ትጋታችን ወደ ጽድቅ ይጠጋል። አራት ሺህ ፎቶ መገልበጥ፣ ተመሳሳይ ክብደት ካለው አንድ ፊልም ይልቅ ለምን እንደሚጎተት የጎንደር ሰው ሊገባው ይገባ ነበር። እያንዳንዱ ፋይል ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ስሙ ይመዘገባል፣ ቦታ ይሰጠዋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ፀረ ቫይረሱም ኪሱን ይፈትሻል። ማለትም አራት ሺህ እንግዳ አንድ በአንድ «እንዴት አደሩ? ቤተሰቡ ደኅና ነው? ከብቱስ? አዝመራውስ?» እየተባለ ይገባል። ሁሉንም በአንድ ዚፕ ቢጠቀልሏቸው ሰላምታው አንድ ይሆናል። ወይም ዊንዶውስ ውስጥ ሮቦኮፒ የሚባል መገልበጫ አለ፤ ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ቢያዙት ስምንት በረኛ ጎን ለጎን አቁሞ ያስገባል። ፈጣን ዲስክ ላይ ወይም በኔትወርክ ሲሆን በእውነት ይረዳል። ግን ጥቁር መስኮት ላይ በጽሑፍ የሚታዘዝ ነው፤ የሚሮጥ አረንጓዴ መስመር የለው፣ የመብረቅ ሥዕል የለው። ደግሞም አስቀድሞ እቤት ያለ ነገር ነው። እቤት ያለ ነገር መቼ ተከብሮ ያውቃል?

እነዚህ ማፍጠኛዎች ሁነኛ ጥቅም ያላቸው በሌላ በኩል ነው። ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ ከቆመበት መቀጠል፣ የተበላሸውን ፋይል ዘልሎ ሌላውን መጨረስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተገለበጠውን ከዋናው ጋር ማመሳከር ያውቃሉ፤ ልክ እንደ ቁም ጸሐፊው። ማመሳከር እንደገና ማንበብ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ጀግናችን ይህን ባወቀ ጊዜ ምን አደረገ? አጠፋው። «ያዘገያል» አለኝ። ዊንዶውስንም ለፍላሽ «የተሻለ አፈጻጸም» በሚለው ላይ አደረገለት። ይህ ምርጫ ጽሕፈቱን ለጊዜው በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ ያቆየዋል፤ ስለዚህም ፍላሹ ከመነቀሉ በፊት በደንቡ መሰናበት («ኢጀክት» መደረግ) አለበት። ስንብት ደግሞ ያዘገያል።

እናትዮዋ ለአንድ ሰዓት ያህል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። አረንጓዴው መስመር መቶ በመቶ ሲል ልጁ «አለቀ፣ እናቴ!» ብሎ ፍላሹን መንጭቆ ሰጣቸው። በዚያች ቀን ካየሁት ሁሉ በእውነት ፈጣን የነበረው ያ እጁ ነው።

በማግስቱ ተመለሱ። ቪዲዮው ጥሩ ይሄድና ሙሽሪት ልትወጣ ስትል፣ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ስትስም ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ የለም። ሚዜ የለም፣ ጭፈራ የለም፣ ኬክ የለም። ዘመድ ሁሉ ሌሊቱን ተሰብስቦ ያየው ይህንኑ ነው።

ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «እባክህ ልጅቷን ከዚያ አስነሣልኝ።»