የስድስት ዓመት አዛውንት

ለመዋዕለ ሕፃናት የወላጆች በዓል ግጥም የሚጽፉ ሰዎችን እስካሁን ያመሰገነ አለመኖሩ ይገርመኛል። ባለፈው ሰኔ በሠፈራችን አንድ አዳራሽ ተገኝቼ የሰማሁትን ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት ንፉግነት ስለሚሆንብኝ፣ እኔው ልጀምር።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ጥቁር ካባ ለብሳለች፤ የምረቃ ቆቡ ቅንድቧ ላይ እየወረደ ያስቸግራታል። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። መምህርቷ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገችላት፤ እሷም እንደተለማመደችው እጇን ወደ ጣሪያው ዘርግታ፦

እኔ ሕፃን ሳለሁ ያየሁት መከራ፣
ለመጪው ትውልድ ግን አይድረስ አደራ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንዴት አይናጋ! የወል ቤት እኮ ነው፤ ስድስት ቀለም ወዲህ፣ ስድስት ቀለም ወዲያ፣ አንድም አልጎደለ። ቤቱም «ራ» በ«ራ» ተመትቷል። ይህ ገና መግቢያው ነው። «ሉዓላዊነት» ላይ ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ፤ መምህርቷ ከመጋረጃው ጀርባ ብታቀብላትም «ሉላዊነት» ብላ አለፈችው። አንዲት «ዓ» ውጣ የሀገር ፖሊሲ ቀየረች፤ አጨበጨብንላት።

አጠገቤ የተቀመጡት እናቷ እያንዳንዱን ስንኝ በከንፈራቸው ይከተሉ ነበር። በልምምዱ ሰሞን «እማዬ፣ መከራ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃቸው እንደነበር በኩራት አጫወቱኝ። «ዝም ብለሽ አጥኚ!» አሏት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየት ይመጣል? ያን ጊዜውኑ ገብቷት ይሆናል።

የድሮ ሰዎች ግን በልጅ ጆሮ ምን ያህል ቀለዱ! «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን እንድንመልስ አደረጉን። ተረትን ከላም በረት ጋር ምን አገናኘው? ቤት ስለመታ ብቻ! መጨረሻው ላይ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ»። ዳቦ በዚህ ዋጋው አፍ ሊጠረግበት! «አኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» ይባላል፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሞ አልነጋም ማለት ልጅን ውሸት ማለማመድ አይደለምን? «እሹሩሩ»ማ ጭራሽ ያስተኛል፤ ሀገር የሚረከብ ትውልድ ደግሞ መተኛት የለበትም። አባባ ተስፋዬም ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ሲተርቱ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ይሉን ነበር። ነገን መጠበቅ ምን አስፈለገ? የዛሬ ገጣሚዎቻችን አበባውን ዘልለው ፍሬውን በስድስት ዓመቱ ይለቅሙታል፤ ያውም ደርቆ።

ከበዓሉ በኋላ ግቢው ውስጥ አንድ ነውር አየሁ። ያችው ተመራቂ ካባዋን ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ ፊቷን ግድግዳው ላይ ደፍታ፣ «አኩኩሉ!» እያለች ትጮኻለች። ከውኃ ጋኑ ጀርባ አራት አምስት ድምፅ «አልነጋም!» ይላታል። የሚያቀብላት መምህር የለም፤ አንድም ቃል አልተደናቀፈባትም። ወላጆች ይህን ጉድ ሳያዩ በየስልካቸው የቀረጹትን መከራ ለዘመድ አዝማድ ይልኩ ነበር፤ እግዜር ሸፈናት።

ርእሰ መምህርቷ ጸሐፊ መሆኔን ሰምተው ኖሮ በር ላይ ጠበቁኝ። «የከርሞውን ግጥም እርስዎ ቢጽፉልን፤ ብቻ ድመትና ዝናብ እንዳይገቡበት፤ እንግዶች ይኖራሉ» አሉኝ። በደስታ ተቀበልኩ። ሥራውንም ጀምሬዋለሁ፤ የመጀመሪያው ስንኝ ግማሹ አልቋል፦

ጡረታ ስወጣ . . .