የወረዳው ውልና የእትዬ ውል

ሌላው ዓለም በአንድ ውል ሲጨቃጨቅ እኛ ሁለት አለን። አንዱ የወረዳው ነው፣ ሌላው የቤት አከራዬ የእትዬ። ሁለቱንም በአንድ ጀበና ቡና ጨርሰናል። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ሊመሰገን ይገባዋል።

የወረዳው ውል ያምራል። ማኅተም አለው፣ የእኔም የእትዬም ፊርማ አለበት። ኪራዩ 6 ሺህ ብር ይላል። የእትዬ ውል ወረቀት የለውም፤ እዚያ ላይ ኪራዩ 14 ሺህ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ስለሚል፣ ሕግ አክባሪዋ እትዬ 6 ሺውን በባንክ ይቀበላሉ። 8 ሺው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጠራል። ስለ ነጠላ ጫፍ አዋጁ ምንም አይልም። ግብሩም ወደ ነጠላ አይደርስም።

መጀመሪያ ላይ ሞኝ ነበርኩ። ሁሉንም እንጻፈው ብዬ፣ አዋቂ ለመምሰል "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ እትዬ?" አልኩ። ስኒውን አስቀመጡት።

"ይወረሳል ነው ያልከኝ ልጄ?"

ለካ በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ የአባታቸው ሁለት ቤቶችም አብረው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የእድር መዋጮ ብቻ ነው። ተረቱን ዳግም አላነሳሁትም። ደላላው ጣልቃ ገብቶ "ኧረ ሁሉም እንደዚህ ነው" ብሎ አስታረቀን። ይህች ቃል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሳትወጣ አገር ሙሉ ጸንታለች።

ወደ ቅድሚያ ክፍያው እንሂድ። አዋጁ ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ ይከለክላል። እትዬም የጠየቁት ሁለት ወር ነው። ሦስት ጊዜ።

የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ተደንግጓል፤ የወረዳው ውልም ሁለት ዓመት ይላል። የእትዬ ውል ግን "የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ እስክትመጣ" ነው። ስለዚች ልጅ ሳላደንቅ አላልፍም። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ የወጣው እሷ ልትመጣ ነው ተብሎ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ባልና ሚስትም እንደዚሁ። ዓመታት ሙሉ እየመጣች ነው፤ እስካሁን ቦሌ አልደረሰችም። ብቻ ኪራይ መጨመሪያው ሲቃረብ ትኬት ትቆርጣለች።

ጭማሪ ስል እትዬን እንዳላማ። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ኪራይ ጨምረው አያውቁም። ውሃ ጨምረዋል፣ የጥበቃ ጨምረዋል። ባለፈው ደግሞ "እንግዳ ታበዛለህ" ብለው የእንግዳ ጨመሩ። እንግዳዋ እናቴ ነበረች።

እኔስ ብሆን ማን ያመሰግነኛል? ውል በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ተብሎ ወረዳ የሄድን ቀን፣ ሠራተኛው "ኪራዩ ስንት ነው?" ሲል እኔና እትዬ እንደ ቄስና ዲያቆን ተቀባበልን።

"ስድስት።"

"ስድስት ሺህ።"

ሠራተኛው ቀና ብሎ አየን። "ሁለት ክፍል፣ ሽንት ቤት ውስጥ ያለው፣ በስድስት ሺህ?" አለ። ሳግ የያዘው ይመስል ነበር። "ሌላ ክፍት ቤት የላችሁም?" ብሎ ስልኩን ለእትዬ ሰጣቸው። እትዬ በትሕትና ተቀበሉት፤ ምናልባት የእህታቸው ልጅ ከቀረች ይደውሉለታል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ባልዲ ከጎኔ አለ። የሽንት ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ወደ መኝታ ቤት እየመጣ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከጥቃቅኑ በቀር፣ ቤቱን በደህና ይዞ ማቆየት የአከራዩ ግዴታ ነው ይላል፤ የወረዳው ውልም ይህንኑ ጽፎታል። ወረቀቱን ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

"ልክ ነህ ልጄ፣ ጥገና አለበት" አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። "ግን ይሄ የወረዳው ውል ነው። ሂድና ወረዳው ይጠግንልህ።"