ከባቹ የወጣ ተማሪ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንተኛ ዓመት ነው?» የሚል ነው። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ደግሞ የእኛው ልጆች ሲገናኙ «በዚህ ሴሚስተር ስንት ክሬዲት ወሰድክ?» ይባባላሉ። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ይህ ልዩነት ያሳስበኛል። አንድ ወጣት ችግር ሲገጥመው ትምህርቱ ይተርፋል ወይስ ይቋረጣል የሚለውን የሚወስነው ይኸው አቆጣጠር ነው ብዬ አምናለሁ።

አገር ቤት ተማሪ የሚቆጠረው በባች፣ ማለትም በአንድ ዓመት አብረው በገቡ ተማሪዎች ቡድን ነው። ከባቹ ጋር ይገባል፣ ከባቹ ጋር የሴሚስተሩን 30 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ገደማ ይወስዳል፣ ከባቹ ጋር ጋዋን ይለብሳል። ኮርሱም የሚከፈተው ለባች ነው። ብዙው ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ አንድ ሴሚስተር ያመለጠው ልጅ የሚያጣው አንድ ሴሚስተር አይደለም፤ ቀጣዩ ባች እዚያ እስኪደርስ ዓመት ሙሉ ቤቱ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ ይቀየራል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) ፕሮግራም ሲመለስ የሦስት ዓመቱ ዲግሪ ወደ አራት ዓመት ሄደ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣ። በመሀል አቋርጦ የተመለሰ ልጅ ትቶት የሄደውን ትምህርት በነበረበት አያገኘውም።

በአሜሪካ መለኪያው ክሬዲት፣ ማለትም የእያንዳንዱ ኮርስ ክብደት የሚቆጠርበት ነጥብ ነው። በሴሚስተር 12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ የወሰደ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሙሉ ጊዜ ይባላል፤ 6 የወሰደ የግማሽ ጊዜ ነው። ይህ ማዕረግ ለአራት ዓመት አይሰጥም፤ በየሴሚስተሩ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ባለፈው ሴሚስተር 15 ክሬዲት የወሰደች ልጅ እናቷ ስትታመምባት ወደ 6 ዝቅ ትላለች፤ እናቷ ስትሻላት ወደ 12 ትመለሳለች። ተማሪነቷን ማንም አልነጠቃትም። ክፍል ውስጥ ከ19 ዓመት ልጅ አጠገብ የታክሲ ሹፌር፣ የሆስፒታል ረዳት፣ የሦስት ልጆች እናት ተቀምጠው ይማራሉ። ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት ኮሚኒቲ ኮሌጆች የኛ ሰው በብዛት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ባለበት አገር ቁጥሩ ያስራል። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ በመጀመሪያ ዲግሪ 12 ክሬዲት መሙላት ግዴታው ነው፤ ከዚያ ውስጥ በኦንላይን የሚወሰድ ኮርስ የሚቆጠርለት አንድ ብቻ ነው። ሕመም ሲገጥመው፣ ወይም በጅማሬው ከቋንቋውና ከአስተማሪዎቹ ዘዴ ጋር መላመድ ሲያቅተው ዝቅ የሚልበት ፈቃድ አለ። ፈቃዱ ግን ኮርሱን ከመጣሉ በፊት በኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ መጽደቅ አለበት። አስቀድሞ ጥሎ በኋላ ልጠይቅ ያለ ልጅ በአሜሪካ በተማሪነት የመቆየት ሕጋዊ መብቱን ያጣል። ከአገር ቤት ልጅ ለምትልኩ ወላጆች ይህችን አደራ እላለሁ፤ ልጁ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ይወቃት።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለበት። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ድጎማ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የደረሰ፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። የሚሰጠው ግን በክሬዲት ልክ ነው። 12 የያዘ ሙሉውን፣ 9 የያዘ 75 በመቶውን፣ 6 የያዘ ግማሹን ያገኛል። ብድር ያለበት ተማሪ ከ6 በታች ከወረደ ወይም ካቋረጠ የስድስት ወር የእፎይታ ጊዜው መቆጠር ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ክፍያ ይመጣል። ዘግይቶ የጣለው ኮርስ ትራንስክሪፕቱ ላይ «ደብልዩ» (ኮርሱን አቋርጧል ማለት ነው) ተብሎ ይቀመጣል። ውጤቱን አይቀንስም፤ ነገር ግን እንደ ተሞከረ ክሬዲት ይቆጠራል፤ የ60 ክሬዲት ዲፕሎማ የሚማር ሰው የሞከረው 90 ሲያልፍ የፌዴራል እርዳታው ይቆማል። ስንቱን አውቃለሁ፤ ሦስት ክሬዲት እዚህ፣ ስድስት እዚያ እያለ ዓመታት ያሳለፈ፣ በእጁ ግን ምንም ወረቀት የሌለው። የሚገፋው ባች የለውም። ኖት የሚያውሰው፣ «ነገ ፈተና ነው ተነሥ» የሚለው ዶርም የለውም። ከሥራ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ሥራ ብቻውን ይሮጥና አንድ ቀን ይተወዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በዚህ በኩል ባች የሚሰጠውን አብሮነት አገር ቤት ያላችሁ አትናቁት።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያስገደደችኝ እሷ ናት። ከ12ኛ ክፍል ጥሩ ውጤት አምጥታ ርቆ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚያስታውስ ሰው፣ ውጤት ማምጣት ለአንድ ሰፈር ምን ያህል ደስታ እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች አባቷ የመኪና አደጋ ደረሰበት። እናቷን ልታግዝ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። «በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ» ብላ ነበር የወጣችው። ዊዝድሮዋል የሚባለውን የማቋረጫ ፎርም አልሞላችም፣ ክሊራንስም (የግቢው ዕዳና ንብረት እጇ ላይ እንደሌለ የሚያረጋግጠውን) አልጨረሰችም። ሙሊ ያላት ሰውም አልነበረም። ስትመለስ ሬጅስትራሩ ስሟ ከመዝገብ መውጣቱን ነገራት። በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር ምክንያት ማስረጃ አቅርቦ፣ ፎርም ሞልቶ የወጣ ተማሪ ዳግም ቅበላ መጠየቅ ይችላል፤ ዝም ብሎ የሄደ ግን ትምህርቱን እንደ ተወ ይቆጠራል። በአንድ ወረቀት ምክንያት የዓመታት ድካም ቀረ።

ዛሬ ቂሊንጦ በኩል ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራለች፤ ማታ ደግሞ አንድ የግል ኮሌጅ ኤክስቴንሽን ትማራለች። መደበኛ ሳለች ካለፈቻቸው ኮርሶች የተቆጠሩላት ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩትን ከራሷ ኪስ እየከፈለች እንደ አዲስ ትማራለች። ከክፍል ስትወጣ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚመጣ ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም። ከቃሊቲ ወዲህ ያለውን መንገድ በማታ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ይብሳል። ሰፈሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ተቀብሎ የማታ ትምህርት ግን አሁንም በአብዛኛው መሀል ከተማ ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን አለ። እንዲህ ያለ ግቢ ከ11 ሰዓት በኋላ ክፍሎቹን ለሠራተኛው ሰፈር ቢከፍት ምን ያህል ሰው ከመንገድ እንደሚያርፍ አስባለሁ።

አገራችን የመማሪያ አማራጭ አጥታ አይደለም። መደበኛ አለ፣ የማታ አለ፣ የቅዳሜና እሑድ አለ፣ መምህራን የሚማሩበት የክረምት መርሐ ግብር አለ፣ የርቀት አለ። የጎደለው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር በር ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ምግቡና ዶርሙ፣ የትምህርት ክፍያውም በወጪ መጋራት ውል ይሸፈንለታል፤ ተመርቆ ከደመወዙ ይከፍላል። ይህ ለድሃ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ አሜሪካ ብዙ ቤተሰብ በብድር የሚያሳድደውን ዕድል እኛ በወጪ መጋራት ለእያንዳንዱ ተመዳቢ ሰጥተናል። ግን የሴሚስተሩ ኮርስ ለባቹ ተጠቅልሎ የተሰጠ ስለሆነ ከፊሉን ይዞ ሌላውን መተው ይከብዳል። «በዚህ ዓመት ግማሹን ኮርስ ብቻ ልውሰድ» የሚል ተማሪ የሚሞላው ፎርም የለም። ወይ ሙሉ ተማሪ ነው፣ ወይ ምንም አይደለም።

ይህ አይቀየርም የሚለኝ ሰው አለ። እኔ ግን ሲቀየር አይቻለሁ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነቱ ምክንያት ከትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ተማሪዎች በኋላ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተመድበው ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። መጉላላቱና ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ሆኖም የአንዱ ግቢ ኮርስ በሌላው ግቢ ሊቆጠር እንደሚችል ታይቷል። ለብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የተቻለው አባቷ ለተጎዳባት አንዲት ልጅ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ መሆን ጀምረዋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚው ነው። ራስን ማስተዳደር ከተባለ ከመደበኛ ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ መደበኛ የሚያሻግር ደንብ ማውጣት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ሊሆን ይገባ ነበር። የመውጫ ፈተናውም ቢሆን ለሁሉም አንድ ነው፤ በማታ የተማረውም በቀን የተማረውም ያንኑ ጥያቄ ሠርቶ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። መጨረሻው አንድ ከሆነ በመንገድ ላይ ያለፉትን ኮርሶች ላለመቀበል የጥራት ምክንያት ማቅረብ ይከብዳል።

ደንቡ እስኪሻሻል ግን ልጅ ያላችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ልጃችሁ በሕመምም ይሁን በሐዘን ከግቢ ሊወጣ ሲል መጀመሪያ ሬጅስትራር ይሂድ። ዊዝድሮዋል ይሙላ፣ የሐኪም ወይም የቀበሌ ማስረጃውን ያያይዝ፣ ክሊራንሱን ይጨርስ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዞ ይውጣ። መመለሻው መቼ እንደሆነና ማመልከቻው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚገባ ጠይቆ ይጻፈው። እስካሁን የወሰዳቸውን ኮርሶች ውጤትና የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫም ይጠይቅ፤ ሌላ ተቋም ሊቆጥርለት የሚችለው መግለጫውን ሲያይ ነው። የእህቴ ልጅ እነዚህን መግለጫዎች ለማግኘት ሰሞኑን ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ነው፤ ከተሳካላት የሚቆጠርላት ኮርስ ይጨምራል።