ታጠብ ወይስ ታጠቢ?

ደብረ ብርሃን ለምትኖረው እህቴ ከውጭ አገር የሕፃናት መጽሐፍ ተላከላት። ገጹ ወፍራም ካርቶን ነው፤ ሕፃናት ገላቸውን ሲታጠቡ ያሳያል፤ ግጥሙ በእንግሊዝኛ ቤት እየመታ ይሄዳል። ሥዕሉ ያምራል። እህቴ ግን እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። "ሕፃኑ ውሃ ውስጥ ገባ። ሕፃኑ አረፋ ይወዳል።" ቤቱም ዜማውም ጠፋ። የስምንት ወሯ ልጅ መጽሐፉን ማኘክ ጀመረች። አልፈረድኩባትም።

እንዲህ ያሉትን ተርጉመን እናሳትም የሚሉ አሉ። እኔ በአማርኛ እንደ አዲስ ይጻፉ ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ጣጣ ሰዋስው ነው። እንግሊዝኛ ወንዱንም ሴቷንም በአንድ ቃል ያዛል። እኛ ግን መምረጥ አለብን። "ፊትህን ታጠብ፣ እንደ ነጭ ርግብ" ብትሉ ለወንድ ልጅ ሸጋ ነው። ለእህቴ ልጅ ሲሆን "ፊትሽን ታጠቢ" ማለት ግድ ነው። "ብ" ወደ "ቢ" ትሄድና ርግቧ ያለ ጓደኛ ትቀራለች። ስለዚህ ልጁን ከማዘዝ ስለ ውሃው ማውራት ይሻላል፦

ለብ ለብ ያለ ውሃ ከጣሳው ወረደ፣
ከጀርባ ሳሙናው ተንሸራቶ ሄደ።

ገጣሚ አይደለሁም። ግን ይህ ለሁለቱም ይሆናል።

ደግሞስ ልጅ እያጠበ መጽሐፍ የሚይዝ ማን ነው? ሳሙና የነካው ሕፃን ያሟልጫል፤ ሁለት እጅም አይበቃው። መጽሐፉ አልጋው ላይ ይቀራል። ሳፋው ድረስ አብሮ የሚሄደው በቃል የተያዘው ስንኝ ነው። ቤት የማይመታ ትርጉም ማን በቃሉ ይይዛል?

ሥዕሉም ቢሆን የሌላ ሰው ቤት ነው፤ ነጭ ገንዳ፣ ሙቅ ውሃ የሚያወርድ ቧንቧ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳር ውርጭ ማለዳ ሕፃን አይታጠብም። እማዬ ፀሐይዋ እስክትበረታ ትጠብቃለች። በሩን ትዘጋለች። ውሃውን በክርኗ ትሞክራለች። እግሯን ዘርግታ ልጅቷን እላዩ ላይ ታስተኛታለች። ይህን የሚስል ሠዓሊ ቢገኝ መጽሐፉን እኔው እገዛለሁ።

አጥባ ስትጨርስ በፎጣ ጠቅልላ "እደጊ፣ ተመንደጊ!" ትላታለች። ለወንዶቹ የልጅ ልጆቿ "እደግ፣ ተመንደግ!" ነበር። እኔ ከትእዛዝ ስሸሽ እሷ ሁለቱንም ጫፍ ትእዛዝ አድርጋዋለች፤ ቤቱ ለወንድም ለሴትም አይፈርስም።