ከእኔና ከቡና

በስተርጅና እንግሊዝኛ ልማር ብዬ የማታ ትምህርት ጀመርኩ። መምህራችን ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ሲሆን ሰሞኑን የሚያስተምረን መናገርን ሳይሆን መዝለልን ነው። እንግሊዝኛ ሲያነጻጽር አንዴ ያለውን መድገም አይወድም ይላል። ቁጠባ ከተባለማ ማን ይቀድመኛል!

ምሳሌው አበበ ቢቂላ ነበር። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ቶኪዮ ላይ ፈጥኖ ሮጠ ካልን በኋላ «ዛን ኢን ሮም» (ሮም ላይ ከሮጠው ይልቅ) ማለት ይበቃል፤ «ሮጠ» ሁለተኛ አይጠራም። እኔ ቁጠባው ጣመኝና «ላይ» የምትለዋን «ኢን»ንም ጣልኳት።

«ጋሼ፣» አለኝ መምህሩ እየሳቀ፣ «እንዲህ ሲሉ እኮ ሮም ራሷ ሯጭ ሆነች!»

ከተማዋ ኮሎሲየሟን አዝላ ከአበበ ኋላ ስታለከልክ ታየችኝ።

ሳቁ ቤት ስደርስ አለቀ። ለቤት ሥራ ስለ ባለቤቴ «ማይ ዋይፍ ላቭስ ኮፊ ሞር ዛን ሚ» ብዬ ጽፌ ነበር። እኔ በአንድ ስኒ ስረካ እርሷ በረካን ሳትጠጣ አትነሳም ማለቴ ነው። ልጃችን ደብተሩን አንስታ ተረጎመችው፦ «እማዬ፣ ከአባዬ ይልቅ ቡናን ትወጃለሽ ይላል!» ባለቤቴ ቃል አልተነፈሰችም። ቶናው ሲቀዳ ግን የእኔ ስኒ ተዘለለች።

መምህሩ እንዳስረዳኝ ጥፋቱ የ«ሚ» ነው። የጥንቶቹ ሰዋስው አዋቂዎች ወዳጁ አንተ ከሆንክ «ዛን አይ» በል ይሉኛል፤ በዕለት ንግግር ግን «ሚ» ለወዳጁም ለተወዳጁም ስለምታገለግል ባልየው ጠጪ ይሁን ተመዛኝ አይለይም። መድኃኒቷ አንዲት የተቆጠበች ግስ ናት፦ «ዛን አይ ዱ»፣ እኔ ከምወደው ይበልጥ ማለት ነው።

ፈረንጅን ልወቅስ ስል የራሳችን ጉድ ትዝ አለኝ። «ከእኔ ይበልጥ ቡና ትወዳለች» ስንልስ? «ከ» ስትመጣ የ«እኔን» «ን» ድምጿን አጥፍታ ትወጣለች፤ ወዳጁና ተወዳጁ ይደባለቃሉ። እኛም «እኔ ከምወደው ይበልጥ» ብለን ግሱን ካልመለስን አንድንም።

«ዱ»ን በቀይ እስክሪብቶ ጨምሬ ደብተሩን ለልጄ ሰጠኋት፤ ለእናቷ በትክክል አነበበችላት።

«የበፊቱ ምን ስሕተት ነበረው?» አለች ባለቤቴ፣ በረካውን ለራሷ እየቀዳች።