የአባቴ ደብተርም ምስክር ነው

አንድ ጸሐፊ «የግል ማስታወሻ ባለቤቱን ስለሚያሞግስ ለታሪክ ምንጭነት አይታመንም» ማለታቸው አላሳመነኝም። የመሥሪያ ቤት ሪፖርትስ ለማንም አያደላም? ይልቅ ዓይነቱን እንለይ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው የደረሱበትን የዓድዋ ዘመቻ የጻፉት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለ ግለ ታሪክ ከሌሎች ምንጮች ጋር መመሳከር አለበት። የዕለት ማስታወሻ ግን ነገ የሚሆነው ሳይታወቅ ይጻፋል።

አዳማ ባለው ቤታችን የአባቴ ደብተር አለ። በየገጹ አናት ላይ «ናዝሬት» ይላል፣ የዚያን ጊዜ የከተማዋ ስም። አባቴ «አብዮቱ እንደሚመጣ ቀድሞ ገብቶኝ ነበር» ይለን ነበር። የየካቲት 1966ን ገጾች ሳነብ ግን ስለ አብዮት አንድ ቃል የለም። ያለው የቤንዚን መወደድ፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ ማቆም፣ ለእህቴ መድኃኒት የተበደረው ገንዘብ ነው። አንዱን መስመር ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ሰርዞታል፤ በመስኮት ብርሃን አንስቼ ባየውም ሊነበብልኝ አልቻለም። አባቴ አልዋሸንም፤ ትዝታው ነው የተለወጠው፤ ይህንንም ያወቅሁት ከደብተሩ ነው።

ስንቱ እንዲህ ያለ ደብተር ባለቤቱ ሲያርፍ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር በኪሎ ተሸጦ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኗል! የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደየቤቱ ይላኩልን፤ እኔ የአባቴን ደብተር ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።