ውዳሴ ወላዋይ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቁርጥ የሚገኘው ልኳንዳ ቤት ብቻ ነው። ቢሮ፣ ዕድር፣ ሽምግልና ሄዶ ቁርጥ መጠየቅ ነውር ነው። እዚያ የሚቀርበው «እስቲ እናያለን» ነው።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች ይገርሙኛል። ምን ያህል እንደምንወደው እኮ ከቃላችን ብዛት ይታወቃል። ልጅ ዛፍ ላይ ገመድ አስሮ ዥዋዥዌ ይጫወታል። የጤፍ ዋጋ ይዋዥቃል። መብራትም ይዋዥቃል፤ ካለ። ልብ ይዋልላል። ትከሻ ይወዛወዛል፤ እሱንስ ተዉት፣ እስክስታ ነው፣ ተወዛዋዥ ተብሎ ደመወዝ ይበላበታል። ቤት ዘመመ ከተባለ ሊወድቅ ነው፤ ደብተራው መቋሚያውን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ ሲል ግን ዝማሜ ይባላል፣ ያጸድቃል። ማመንታት ደግሞ የመንታ ዘመድ ነው። አንድ ሰው ሆኖ መንታ ሐሳብ ማርገዝ ማለት ነው። እርግዝናው ጤናማ ነው፤ መውለድ ብቻ የለም።

የሁሉም አውራ ግን ወላወለ ነው። ወለወለ ከሚለው የሚለየው አንዲት «ለ» «ላ» በመሆኗ ብቻ ነው። ባለሙያዎቻቸውም እንደዚያው ናቸው፤ አንዱ ወልዋይ፣ አንዱ ወላዋይ። ወልዋይ ወለል ያጸዳል። ወላዋይ ሰውን ወለሉ ላይ ያቆማል።

አምና አንዲት ደብዳቤ ለማስፈረም አንድ መሥሪያ ቤት ተመላለስሁ። ኃላፊው ሰው አክባሪ ናቸው። አንድም ቀን አይሆንም አላሉኝም። ይሆናልም አላሉኝም። «ነገሩ ችግር የለውም፣ ግን ደግሞ…» ይሉና «ደግሞ» ላይ ስልካቸው ይጠራል። ከ«ደግሞ» ቀጥሎ ያለውን እስከ ዛሬ አልሰማሁትም። በአራተኛው ቀን ኮሪደሩን የምትወለውለው ሴት መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ አየችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ዛሬም አይፈርሙልህም» አለችኝ። «አለቃቸው ከባሕር ዳር ሐሙስ ይመጣል። ያኔ ና።»

ሐሙስ ሄድሁ። ተፈረመ። በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ የማትወላውለው ወልዋይዋ ብቻ ነበረች። ዕድገት ሳታገኝ ብዙ ዓመት እንደሠራች ነገረችኝ። ይበላት! እንዲህ ፊት ለፊት እየተናገረች ማን ያሳድጋታል?

ነገሩ ከቅኔው የመጣ ነው የሚል ወዳጅ አለኝ። የነዋሸራና የነጎንጅ፣ የስመ ጥሩዎቹ ቅኔ ቤቶች አገር ሰዎች ስለሆንን ንግግራችን ሰምና ወርቅ ነው ይላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እንዲያው ለነገሩ ያህል፣ ባለቅኔው ሰሙንም ወርቁንም ያውቃቸዋል። የእኛ «እናያለን» ግን ሰም በሰም ነው፤ ወርቁን ተናጋሪውም አያውቀው። የቅኔ መምህራኑ ይህን አዲስ ቤት ዝም ብለው ማለፋቸው ቅር ያሰኛል።

ደግሞ ስንት ተሻሽለናል! ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የሚያውቅ ያውቀዋል። በጣልያን ጊዜ መሀሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከማዶ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ከጎጃም ወደ በጌምድር፣ ከበጌምድር ወደ ጎጃም። ከታች ውኃው ይጮኻል፣ እሱ አየር ላይ ይወዛወዛል። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ እንኳ የትኛው ማዶ እንደሚወርድ ያውቅ ነበር። የዛሬ ሰው ወንበር ላይ ተደላድሎ ነው የሚወዛወዘው። (ወንበሩም ይሽከረከራል። የቢሮ ወንበር ድሮውንም ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል።)

ከሁሉ የሚያኮራኝ ግን ዕድራችን ነው። ድንኳናችን ከተቀደደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይሰፋ ወይስ አዲስ ይገዛ? ሰብሳቢያችን አንቱ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። «ይሰፋ የሚለውም ልክ ነው፣ ይገዛ የሚለውም ልክ ነው» ይሉና ስብሰባውን በምርቃት ይዘጉታል። ሁለቱም ወገን አሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንድ ችኩል ጎልማሳ «እጅ ይውጣ» አለ። ለ«ይሰፋ» እጅ ወጣ። ለ«ይገዛ»ም እጅ ወጣ። ሲቆጠር እጁ ከሰዉ በለጠ። እኔም ሁለቴ ነው ያወጣሁት፤ የጎረቤት ፊት እያዩ እንዴት አንዴ ብቻ ይወጣል? ጎልማሳው ሥርዓት አላስያዝክም ተብሎ ተገሠጸ፣ ጉዳዩም ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።

ባለፈው ሐምሌ ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ድንኳኑ እንደነበረ ተተከለ። ለቀስተኛው ቁጭ እንዳለ ዝናቡ ምንም ሳይወላውል ገባ። ከቀዳዳው ሥር የተቀመጡት ሰብሳቢያችን ነበሩ። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ቀና ብለው ቀዳዳውን አዩት፣ አዩት።

«መቼም» አሉ፣ «ይኼ ነገር መታየት አለበት።»